የጊዮርጊስ ዕለት ያልታጠበው ፊልትሮ

የእኔ ልጅነት የሚሸተው ላምባ ላምባ ነው። እኩዮቼ ስለ አደይ አበባና ስለ በቆሎ እሸት ሲያወሩ እኔ ቀድሞ የሚታየኝ ፍኖተ ሰላም የነበረው ቤታችን ጓሮ ነው፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ አባቴ ጥላ ሥር ቁጢጥ ብሎ፣ አፉ በተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን ውስጥ የሞተር ሳይክሉን የአየር ማጣሪያ ሲያጥብ። እኛ ቤት «ፊልትሮ» ነበር የሚባለው። የላምባው ሽታ ከእጁ በሳሙናም በሎሚም አይለቅም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ እጄን ይዞ ስለሚወስደኝ ሽታው ወደ እኔም ይጋባል፤ ቅዳሴው እስኪያልቅ መዳፌን አፍንጫዬ ላይ አድርጌ እቆም ነበር። እናቴ ምን ሆነሻል ትለኝ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፣ በቃ።

አባቴ የእንስሳት ክትባት ሠራተኛ ነበር። መሥሪያ ቤቱ በሰጠው ቀይ ሞተር፣ የበረዶ ሣጥኑን ከኋላው አስሮ፣ አንድ ቀን ወደ ቡሬ ገጠር፣ አንድ ቀን ወደ ጅጋ፣ ሌላ ቀን ደግሞ ዳገቱን ወጥቶ ወደ ቋሪት ገበዝ ማርያም ይሄዳል። በበጋ ሲመለስ ቅንድቡ ሳይቀር አቧራ ለብሶ ስለሚመጣ ታናሽ ወንድሜ አንዳንዴ ሳያውቀው ይሸሸው ነበር። የእኛ የልጆቹ ጨዋታ ደግሞ የሞተሩ ቤንዚን መያዣ ላይ በተኛው አቧራ ስማችንን በጣት መጻፍ ነበር። ፊደል የለመድሁት ግማሹን ትምህርት ቤት፣ ግማሹን እዚያ ላይ ነው ብል ብዙም አልዋሸሁም። አባቴ ውሃ ጠጥቶ ሲወጣ የማን ጽሕፈት እንደሆነ ይለያል፤ የእኔ «ሰ» ሁልጊዜ አንድ እግሯ አጭር ነበረች።

አንድ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ አሮጌው ፊልትሮ እንደ ደረቀ ዳቦ መፈርፈር ጀመረና አዲስ ሊገዛ ቡሬ ሲሄድ እኔንም ይዞኝ ሄደ። ባለሱቁ ያለውን ሁሉ ደረደረለት። አንዱ የወረቀት ነበር፣ እጥፋቱ የሚያምር። አባቴ ገልበጥ አድርጎ አየውና «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብሎ መለሰለት። ለአስፋልት ደግ ነው፣ የቋሪት አቧራ ግን አንዴ ከገባበት አይታጠብ፣ አራግፈውት አይጠራ፣ ተደፍኖ ይቀራል ብሎ አስረዳኝ። ሌላው ከፍራሽ ስፖንጅ የተቆረጠ ነበር። ያንን ወደ ፀሐይ አንሥቶ ሲያይበት ማዶ የሚሄደው ሰው ታየው፤ ሰው የሚያሳይ ቀዳዳ አቧራ አይከለክልም አለ፤ ደግሞም ላምባ ሲነካው ይሟሟል። የቀረውን፣ ጥቅጥቅ ያለውን ግራጫ ስፖንጅ፣ ጨብጦ ለቀቀው፤ ቀስ ብሎ ወደ ቅርጹ ተመለሰ። አፉን ገጥሞ ተነፈሰበት። ከዚያ ለእኔ ሰጠኝና ተንፍሽበት አለኝ። ትንፋሼ ከስፖንጁ ማዶ መዳፉ ላይ ለስለስ ብሎ ሲደርሰው ይኸ ነው ብሎ ገዛው። ልጅ አማክሮ ዕቃ የሚገዛ ትልቅ ሰው አይቼ ስለማላውቅ እስከ ፍኖተ ሰላም ድረስ ፊልትሮውን ደረቴ ላይ አቅፌው ተመለስሁ።

አጠባቡም ሥርዓት ነበረው። መጀመሪያ በላምባ ነው፤ ቤንዚን ስፖንጁን ይበላዋል ብሎ አያስነካውም። ቀጥሎ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና። ከዚያ ይጨምቀዋል እንጂ አይጠመዝዘውም። አንዴ እንደ ልብስ ልጠመዝዘው ስል እጄን ያዘኝ፤ ስፖንጅ ሲጠመዘዝ ውስጥ ውስጡን ይቀደዳል፣ ላይ ላዩን ግን ደህና ይመስላል አለኝ። በጥላ አድርቆ የሞተር ዘይት ያንጠባጥብበትና እንደ ሊጥ እያሸ ያዳርሰዋል፣ አቧራውን የሚይዘው ዘይቱ ነውና። በመጨረሻ አየር በጎን እንዳይሾልክ ዙሪያውን ግራሶ ቀብቶ ይገጥመዋል። «ሞተርም እንደ ሰው የሚሞተው ትንፋሽ ሲያጥረው ነው» ይለን ነበር። ለገበሬዎቹ ደግሞ ሌላ ምክር ነበረው፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ ከብት ሲያምባችሁ ዕለቱን ላኩብኝ እያለ በየገበያው ይለምናቸዋል።

እንዲህ ያለው ሰው ግን ይሉኝታ የሚባለው ነገር እጅና እግሩን አስሮት የሚኖር ነበር። ሰው ፊት አይበላም፤ የሰው ቤት ገብቶ ተቀመጥ ካልተባለ አይቀመጥም፤ ራሱ በከፈለው ሻይ እንኳ ስኳር ጨምሩልኝ ለማለት ያፍራል። እናቴ በዚህ ትስቅበት ነበር። እኔም እስቅበት ነበር።

የሚያዝያ ጊዮርጊስ የቤታችን ዝክር ነው፤ አባቴ ከአባቱ የተረከበው። በዚያ ቀን እኛ ቤት አይፈጭም፣ አይወቀጥም፣ ልብስ አይታጠብም። በዋዜማው ጀንበር ከጠለቀች በዓሉ ገብቷል፤ ያልታጠበ ሳህን ሳይቀር እንዳለ ያድራል። አገሬው ሁሉ እንዲሁ ነው። አንድ ሰው በዓል ሽሮ የጎረቤቱን እህል በረዶ ቢመታው፣ ጎረቤቱ የእገሌ ጦስ ነው ይላል፤ ስለዚህ ሰው በዓሉን የሚያከብረው ለራሱም፣ ለጎረቤቱም ብሎ ነው።

እዚህ ላይ ስለ አባቴ ታላቅ እኅት ልንገራችሁ። እሱ «እታለም» ስለሚላት እኛም ልጆቹ እታለም ነበር የምንላት። ከገበዝ ማርያም አለፍ ብሎ ገጠር የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት፣ ረጅም፣ ፈርጠም ያለች ሴት ነበረች። ዳልቼ የሚባል አንድ በሬ ነበራት። እሱን ከጎረቤቷ በሬ ጋር እያቀናጀች የገዛ መሬቷን ታሳርሳለች። አንድ በሬ ማለት ለእሷ ጎተራዋ ነበር። በሬ የሌላት ሴት መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታ የሰው ሥፍር ትጠብቃለች፤ በሬ ያላት ግን ቤቷ እንግዳ ይገባል፣ በዕድር ላይ ቃሏ ይሰማል። እኛ ለክረምት ዕረፍት ስንሄድ እታለም ለእኛ ከማቅረቧ በፊት ለዳልቼ ድርቆሽ ትሰጥ ነበር፤ እናንተ አታርሱልኝ እያለች።

በዚያ ዓመት አባቴ ሳምንቱን ሙሉ በቡሬ ቆላ ሲከትብ ሰንብቶ የተመለሰው በዋዜማው ጀንበር ስትጠልቅ ነው። ዓርብም አልፎት ነበርና ፊልትሮው አልታጠበም። ሞተሩ በራችን ላይ ሲደርስ ያስል ነበር፣ ጭሱም ጠቁሯል። አባቴ ሰማዩን አየና በዓሉ ገብቷል፣ ከነገ ወዲያ አጥበዋለሁ ብሎ ሸፈነው። ለማግሥቱ የሚሄድበት መንገድ አልነበረውም።

ጠዋት ዝክሩ ተሰናድቶ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ነበር። የነፍስ አባታችን መምሬ አዳሙ ባርከው፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ሲቀዳ አንድ የቋሪት ጎልማሳ አቧራ እንደ ለበሰ ገባ። እታለም ናት የላከችው። በአካባቢው አባ ሰንጋ ገብቷል፣ የጎረቤት ላሞች ሞተዋል፣ ዳልቼም ታሟል፣ ቶሎ ድረስልኝ ብላለች። አባቴ የያዘውን ዋንጫ አስቀመጠና ተነሣ።

መሄዱ በዓል መሻር እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል፤ የታመመ ለመጠየቅ በበቅሎ እንደ መሄድ ነው። ጓሮ ወጥቶ የሞተሩን ጎን ፈትቶ ፊልትሮውን አወጣው፤ ስፖንጁ በአቧራና በዘይት ተለንቅጦ ጭቃ መስሏል። ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ እንደሚያደርገው በላምባ ብቻ አለቅልቆ፣ በጨርቅ ጨምቆ፣ ዘይት ነካ ቢያደርገው ዳቦው ሳይነሣ ያልቅ ነበር። እኔ ላምባው ያለበትን ጠርሙስ አውቀዋለሁ፤ አባቴም ጠርሙሱን እያየ ነበር። ነገር ግን ይህ እጥበት ነው። በጊዮርጊስ ቀን፣ በገዛ ዝክሩ፣ ጎረቤት ሁሉ ተቀምጦ። ስፖንጁን አንሥቶ ድንጋዩ ላይ ደጋግሞ አራገፈው። ቀና ሲል መምሬ አዳሙ በጓሮው በር ቆመው ያዩታል። ተያዩ። እሳቸው አንድ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፈት ያደረጉ መሰለኝ፤ እሱም ሊጠይቅ የፈለገ ነገር ያለው ይመስል ነበር። ሁለቱም ዝም አሉ። አባቴ ፊልትሮውን እንዳለ መልሶ ገጠመውና ከመሥሪያ ቤቱ ክትባቱንና መድኃኒቱን ሊያወጣ ሄደ።

መንገድ ላይ የሆነውን በኋላ ነው የሰማነው። ጅጋ እስኪደርስ ሞተሩ ሁለት ቦታ ቆመበት። ጅጋ ላይ ላምባ እንኳ ልግዛ ብሎ ቢዞር በበዓሉ ምክንያት ሱቁ ሁሉ ዝግ ነበር። ከጅጋ ወደ ቋሪት የሚወስደው ዳገት ሲጀምር ሞተሩ ጥቁር ጭስ እየተፋ፣ እያነከሰ፣ ከሰው እርምጃ ዘገየ። ያን ጊዜ አባቴ በዕድሜው አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ ፊልትሮውን አውጥቶ ኪሱ ከተተና ሞተሩን ያለ ማጣሪያ አስነሣው። መጀመሪያ ሞተሩ እንደ ተፈታ ፈረስ ሄደለት። ዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርስ ግን የነፋስና የአቧራ ቀን ነበርና፣ ድሮም የደከመው ፒስተን አሸዋውን በልቶ ተጣብቆ ቀረ። ከዚያ በኋላ በእግሩ ነው የሄደው፣ የበረዶ ሣጥኑን በትከሻው ይዞ። ከንግሥ የሚመለሱ ሰዎች አገኙትና ሣጥኑን እንደ ሕመምተኛ ቃሬዛ እየተቀባበሉ ተሸከሙለት። ነጭ የበዓል ልብሳቸውን እንደ ለበሱ በዚያ አቧራ ውስጥ ሮጡለት። እታለም ደጅ ሲደርሱ ጀንበር አቆልቁላለች፤ ዳልቼ ከሰዓት በኋላ ሞቷል።

አባቴ የሰዉን ልቅሶ አስቁሞ መጀመሪያ ያደረገው በሬው እንዳይገፈፍ፣ ሥጋውም እንዳይበላ መከልከል ነበር። የአባ ሰንጋ በሽታ ወደ ሰው ይተላለፋል። ጉድጓድ አስቆፍሮ ከነቆዳው አስቀበረው፤ ለእታለም ለማሰሪያ ጠፍር የሚሆን እንኳ አልተረፈላትም። በማግሥቱ የቀሩትን ከብቶች ሁሉ ከተበ። ከዚያ በኋላ በዚያ ቀበሌ የሞተ ከብት የለም ይባላል። ሰዉ እሱን ሲመርቅ እሱ ግን ቀና ብሎ አላየም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ቤተሰቡ ሁሉ እታለምን ልናጽናና ሄድን። በአገራችን በሬ የሞተበት ሰው ይጠየቃል፣ «እግዜር ይተካልሽ» ይባላል። አባቴ ደፋር ቢሆን በመጀመሪያው ደቂቃ እግሯ ላይ ይወድቅ ነበር፤ ግን አቀርቅሮ በጥፍሩ መደቡን ይጭር ነበር። እታለም ውሃ አመጣችለትና ከጎኑ ተቀመጠች።

«ወንድማለም፣ በዓሉን አክብረህ ነው የዘገየኸው አሉኝ» አለችው። «ደግ አደረግህ።»

ብትረግመው ይሻለው ነበር። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ነው፤ ትልቅ ሰው ድምፅ ሳያሰማ እንዴት እንደሚያለቅስም ያወቅሁት ያኔ ነው። በጊዜው ቢደርስ ዳልቼ ይድን እንደ ነበር ማንም እርግጠኛ አይደለም፤ አባ ሰንጋ ብዙ ጊዜ ጊዜ አይሰጥም። እሱ ግን ይድን ነበር ብሎ አመነ። ያንን እምነት ማንም ከልቡ ሊያወጣለት አልቻለም።

ፍኖተ ሰላም ስንመለስ መምሬ አዳሙ ሊጠይቁት መጡ። እንደ ልማዳቸው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ብዙ አወሩ። ሊሄዱ ሲነሡ በሩ ላይ ቆም አሉ።

«ያን ለት ስታራግፈው እያየሁህ ነበር» አሉት። «ብትጠይቀኝ እጠበው እልህ ነበር።»

«አባ፣ ካዩ ምነው ሳይነግሩኝ?»

«በገዛ ዝክርህ፣ ሰው ሁሉ ተቀምጦ፣ ቄሱ ሥራ አዘዘ ልባል? ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነዋ፣ ልጄ።»

አባቴ ዝቅ ብሎ መስቀላቸውን ተሳለመ። ሞተሩ ተጠግኖ ከተመለሰ ወዲህ ግን በእኛ ቤት ፊልትሮ የማይታጠብበት ቀን አልነበረም። እሑድም፣ ልደትም፣ ጥምቀትም ቢሆን ከመንገድ ከተመለሰ ያጥበዋል፤ የሚያዝያ ጊዮርጊስ ሲመጣ ደግሞ ባይቆሽሽም ያጥበዋል። ጎረቤት መጀመሪያ አጉረመረመ። በኋላ ለመደው።

እታለም ሌላ በሬ አልተካችም። አባቴ ልግዛልሽ ብሎ ስንት ጊዜ ለምኗት እምቢ አለች። መሬቷን ለእኩል ሰጠች፤ ጉልበቷ ሲደክም ደግሞ ፍኖተ ሰላም መጥታ ከእኛ ጋር መኖር ጀመረች። ያቺ በጎተራዋ የምትኮራ ሴት በወንድሟ ቤት እንግዳ ሆነች፤ ወጥ ሲጨመርላት በቃኝ ትላለች፣ ብርድ ብርድ ሲላት ደህና ነኝ ትላለች። በቋሪት አነጋገሯ እየተሳሳቅን፣ በርጋታዋ እየተመካን ዓመታት አለፉ። ስለ ዳልቼ ግን በቤታችን ማንም አያነሣም ነበር።

እኔ ትልቅ ሰው ከሆንሁ በኋላ፣ ሕመሟ በጠናበት ሰሞን፣ አንድ ከሰዓት አባቴ እግሯን ሲያሽላት ድንገት እሷው አነሣችው። ዳልቼ ድርቆሹን የተወው በዋዜማው ጠዋት ነበር አለች። «ዕለቱን ልልክብህ አስቤ ነበር። ነገር ግን ሲነጋ ዝክርህ ነው፣ እንግዳ ሰብስበህ ተቀምጠህ በሬ ታመመብኝ ብዬ ላውክህ? ይለፍና እልካለሁ ብዬ ቀኑን ሙሉ ያዝሁት። ማታ ሲብስበት ነው መልእክተኛውን ያስነሣሁት።»

አባቴ እጁ እግሯ ላይ ቆመ። «እታለም፣ ይህን ምነው እስካሁን ሳትነግሪኝ?» አላት።

«አንተስ መች ጠየቅኸኝ፣ ወንድማለም» አለችው፤ ዓይኗንም ጨፈነች። ብዙም ሳትቆይ ዐረፈች። አባቴ የቀበራት አገሯ ወስዶ፣ ገበዝ ማርያም ነው።

አሁን እኔ ቡሬ ከተማ የሞተር መለዋወጫ እሸጣለሁ፤ አባቴም ከእኔ ጋር ነው። ሱቁ ሞልቷል፤ የወረቀቱም፣ የስፖንጁም፣ የጨርቁም ፊልትሮ በየዓይነቱ ተሰቅሏል። ወጣቶቹ ስልካቸውን እንደ ያዙ ይመጣሉ፣ «የትኛው ነው አሪፉ?» ይላሉ። እኔ መጀመሪያ የምጠይቃቸው የምትነዳው የት ነው ብዬ ነው፤ አስፋልት ከሆነ ወረቀቱን፣ ገጠር ከሆነ የሚታጠበውን እሰጣለሁ። ብዙዎቹ ማጠቡ ይሰለቻቸዋል፤ ሲደፈን ጥለው አዲስ ይገዛሉ። አንዱንም አላጥላላም። ዛሬ በሬ ቢታመም ገበሬው ከማሳው ላይ ስልክ ይደውላል፤ ሰው የሚፈልገውን በግልጽ ይናገራል፣ የማይፈልገውንም ሰው ፊት ይናገራል። መልካም ነው። ግን ነጭ ለብሶ የሰው ሣጥን ተሸክሞ ዳገት የሚሮጥ ሰው ዛሬ ባገኝ ምን እንደምሰጠው አላውቅም። ያኔ አንዱ ለአንዱ ሲል ነበር የሚደክመው፣ አንዱ ለአንዱ ሲልም ነበር ዝም የሚለው። ሁለቱን ለይቼ አንዱን ብቻ ልናፍቅ ብል አልሆን ይለኛል።

እነዚያን ሰዎች አልፌ የወጣሁ ይመስለኝ ነበር። ግን የእነሱው ልጅ ነኝ። አባቴ ካለፈው ክረምት ወዲህ ያስላል። ያ ሁሉ አቧራ፣ ሞተሩን በስፖንጅ ሲጠብቀው የራሱን ደረት በአንዲት ሻሽ ብቻ ሸፍኖ የኖረበት ሁሉ፣ አሁን ከደረቱ የሚወጣ ይመስለኛል። ሐኪም ቤት እንሂድ ልለው ስንት ጊዜ አስቤ ተውሁት። ያረጀ አባት ፊት ታመሃል ብሎ መናገር ይከብዳል፤ እሱም አያነሣውም። ሳሉ ሲይዘው ወደ ጓሮ ይወጣል፣ እኔም ያልሰማሁ መስዬ ዕቃ እደረድራለሁ። ስንት ወር እንዲህ ተላለፍን።

ትናንት ይህን መጻፍ ጀምሬ ከእታለም ቀብር ላይ ስደርስ ብዕሩን አስቀምጬ ወደ እሱ ሄድሁ። ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት እንሄዳለን አልሁት።

ቀና ብሎ አየኝ።

«ነገ ማርያም አይደለች?» አለኝ።

«ናት፣ አባዬ።»

«እንሂድ» አለ።